ጥርቅም አድርጎ ማሸግ ሳጥኑን አያደርቀውም፦ ስለ ውጭ ዋይፋይ ሳጥኖች ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ደጅ የሚሰቀሉ የዋይፋይ መሣሪያዎችን ከዝናብና ከፀሐይ ስለመጠበቅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሰፊው እየተሰራጨ ነው። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው አንባቢን ለመርዳት በቅንነት እንደተነሡም ያስታውቃል። ምክራቸው ግን ከመነሻው ስለተሳሳተ፣ ተቀብሎ የሠራበት ሰው ከወራት በኋላ ሳጥኑን ሲከፍት ውሃ ያቆረ ወለልና አረንጓዴ የለበሰ ሶኬት ሊያገኝ ይችላል። ዝም ብሎ ማለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ እናስቀምጥ። የመሣሪያው ጠላት ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ሳጥን ሲገዛ ትልቁ የአይፒ ደረጃ (አቧራና ውሃ የመከላከል መለኪያ) ያለው፣ ከተቻለ አይፒ 68፣ ይመረጥ። ማንኛውም ቀዳዳ ድክመት ስለሆነ የክዳኑ ዙሪያም የኬብሉ መግቢያም በሲሊኮን ይደፈን። ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት አንድ ከረጢት ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) ይጨርሰዋል። ፕላስቲክ በፀሐይ ስለሚሰነጠቅ የብረት ሳጥን ይሻላል፤ ብረት ሞገድ ስለማያሳልፍ አንቴናው በኬብል ተስቦ ውጭ ይተከል። ጥቂት ዋት የሚበላ መሣሪያ ሳጥን ስለማያሞቅ ሙቀት አያሳስብም፤ የሳጥኑ ቀለምም የመልክ ጉዳይ ነው። እንዲህ የታሸገ ሳጥን ለዓመታት ሳይከፈት ይኖራል።

ከነዚህ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ቦታቸው ላይ ስንደርስ እንቀበላቸዋለን። መሠረታዊው ልዩነታችን ግን ይህ ነው፦ ሳጥንን በአብዛኛው የሚያርሰው ሳጥኑ ራሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚስበው ውሃ፣ እንዲሁም አየሩ ተሸክሞት የሚገባው ተን ነው። ጥሩ ሳጥን ውሃ ይከለክላል፤ ከልካዩን አልፎ ለገባው ውሃ ደግሞ መውጫ አለው። የጽሑፉ ሳጥን ሁለተኛውን ጨርሶ ዘግቶታል።

ትልቁ የአይፒ ቁጥር

ቁጥሩ የመጣው አይኢሲ 60529 ከሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ አቧራንና ጠጣር ነገርን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። 65 የተጻፈበት ሳጥን አቧራ አያስገባም፤ 6.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ አፍንጫ በደቂቃ 12.5 ሊትር እየተረጨበትም ጉዳት አይደርስበትም። 66 ላይ አፍንጫው ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ ውሃው ወደ 100 ሊትር ያድጋል። 67 ላይ ግን ፈተናው ራሱ ይለወጣል፤ ሳጥኑ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይጠልቃል። 68 ከዚያ የከበደ መጥለቅ ሲሆን ጥልቀቱንና ጊዜውን አምራቹ ይገልጻል።

እንግዲህ በሁለተኛው አኃዝ ከ6 በላይ ያሉት ቁጥሮች የመሰላሉ ቀጣይ እርከኖች አይደሉም። መጥለቅን ያለፈ ሳጥን ርጭትን ያልፋል ተብሎ አይወሰድም፤ ሁለቱንም ያለፈ ከሆነ 66/67 ተብሎ በሁለቱም ይጻፍበታል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሳጥን የሚያጋጥመው በነፋስ የተገፋ ዝናብ ስለሆነ 65 ወይም 66 ይበቃዋል። ለ68 የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለጥሩ ግላንድ (ኬብሉን ዙሪያውን ጨምቆ ቀዳዳውን ለሚያሽግ መግቢያ) እና ለፀሐይ ጥላ ቢውል ይሻላል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የርጭት ፈተናው የሚካሄደው በአዲስ ሳጥንና በአዲስ ጎሚኒ ላይ ነው፤ የሚቆየውም ደቂቃዎችን ነው። ውሃውና ሳጥኑ በሙቀት እንዳይራራቁም ይደረጋል። የዓመታት ፀሐይ፣ የጨው አየር፣ በየቀኑ መጋልና መቀዝቀዝ በፈተናው ውስጥ የሉም። በተጨማሪም ቁጥሩ የተሰጠው ላልተነካው ሳጥን ነው። ለኬብል አንድ ቀዳዳ ከበሳንበት ደቂቃ ጀምሮ የሳጥኑ ደረጃ እዚያ ቀዳዳ ላይ የገባው ግላንድ ደረጃ ሆነ ማለት ነው።

ቀዳዳን ሁሉ በሲሊኮን መድፈን

ዋናው ስሕተት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

ሳጥን ውስጥ የተዘጋ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ጠዋት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው ከሰዓት 60 ቢደርስ፣ ጭማሪው 14 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ግፊት የሆነ ቦታ ክፍተት ይፈልጋል፤ የክዳኑ ጎሚኒ፣ የኬብሉ ዙሪያ ወይም የብሎን ቀዳዳ ላይ ያገኛል። በሰዓታት ውስጥ ትርፉ አየር ቀስ እያለ ይወጣና ውስጡና ውጩ ይስተካከላሉ። ከዚያ ድንገት ዝናብ ይመጣል። ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን ሳጥን በደቂቃዎች ወደ 20 ዲግሪ ሲመልሰው የውስጡ ግፊት 12 በመቶ፣ ማለትም 12 ኪሎ ፓስካል ያህል ይወርዳል። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ ይህ ልዩነት 70 ኪሎ ግራም የሚያህል ጭነት ነው።

አሁን ሳጥኑ አየር በኃይል ይስባል። የሚስበው ቀደም ሲል ባስወጣበት በዚያው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ግን በዚህ ሰዓት በዝናብ ውሃ ተከቧል። ስለዚህ የሚገባው ውሃ ነው። ሲገባ በቀጭን ክፍተት በኃይል ተስቦ ነው፤ ሲሞቅ የሚወጣው ግን ላይ ያለው አየር ብቻ ሲሆን ወለል ላይ የተኛው ውሃ ባለበት ይቀራል። በየዝናቡ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበታል። የክዳኑን ዙሪያ በሲሊኮን ያጠረ ሰው ይህን አላቆመም፤ መሳቢያውን ወደ ሌላ ደካማ ቦታ አዛወረው፣ በገባው ላይ ደግሞ መውጫውን ዘጋ።

ያ ደካማ ቦታ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። የውጭ ኬብል ልባስ በአብዛኛው ፖሊኤትሊን ሲሆን ሲሊኮን በፖሊኤትሊን ላይ አጥብቆ አይያዝም። ኬብሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ዙሪያው ይላቀቃል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተደፈነ ይመስላል፣ ጠጋ ብለው ኬብሉን ቢያነቃንቁት ግን ፀጉር የሚያህል ክፍተት አለው። ለመሳብ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ተኑን ደግሞ እንጨምር። በ30 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ውሃ በተን መልክ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ የሚይዘው 9 ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። 9 ሊትር በሚይዝ ሳጥን ይህ 0.2 ግራም፣ አራት ጠብታ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ኤሌክትሪክ በሚላክበት በፒኦኢ አሠራር፣ ከ44 እስከ 57 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ጅረት በአርጄ 45 (በኔትወርክ ኬብሉ መሰኪያ) ሶኬት ውስጥ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት በተደረደሩ ጥርሶች ላይ ይቆማል። በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ ብረቱን በኤሌክትሪክ መብላት ይጀምራል። ፖዘቲቩ ጥርስ እየተበላ ያልቃል፣ አረንጓዴው ዝቃጭ ጎረቤቱን ያገናኛል። የሚታየው ምልክት መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚቋረጥና ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ መስመር ነው፤ ብዙ ሰው የሶፍትዌር ችግር መስሎት መሣሪያውን ደጋግሞ ያስነሣል።

ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ እንመልከት። ሳጥኑ ፍጹም ቢታሸግና ውስጡ ደረቅ አየር ቢሆን ጤዛ ከየት ይመጣል? ልክ ነው፣ አይመጣም። ፍጹም እሽግ ግን የተበየደ ብረትና ከብረቱ ጋር የተዋሃደ የመስታወት ሽቦ ማሳለፊያ ይጠይቃል። በጎሚኒና በብሎን የሚዘጋ ሳጥን ያን አይሆንም። ላስቲክም ፕላስቲክም ተን በዝግታ ያሳልፋሉ፤ የኬብሉም ውስጥ በሽቦዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ስላለው እንደ ቱቦ ያገለግላል። ግላንድ የሚያሽገው የልባሱን ውጭ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት መንገድ አለ፣ ከሁለቱ አንዱ ይመረጥ። የመጀመሪያው መተንፈሻ ብሎን ነው። መሐሉ ላይ ከተለጠጠ ፒቲኤፍኢ (ቴፍሎን) የተሠራ ስስ ሽፋን አለው፤ የሽፋኑ ቀዳዳዎች አየርና ተን ያሳልፋሉ፣ የውሃ ጠብታ ግን አያሳልፉም። ለዚህ መጠን ሳጥን ኤም 12 የሚባለው የብሎን መጠን ይበቃል። ከታች ወይም ከጎን ዝቅ ብሎ ይገጠማል፤ አናት ላይ ከተገጠመ ውሃ ያቁርበታል፣ አቧራም ይደፍነዋል። ግፊቱ በእሱ በኩል ስለሚስተካከል ጎሚኒው ላይ የሚያርፈው መሳብ ይቀራል።

ሁለተኛው ርካሹ ነው፤ በሳጥኑ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በእርጥብ ቦታ ባሉ ሳጥኖች ላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የማፍሰሻ ቀዳዳ እንዲበሳ ይፈቅዳል፤ እንግዲህ ነገሩ የሰነፍ ዘዴ አይደለም። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ግን አይሠራም፦ ውሃው በራሱ መሳሳብ አፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጉንዳንና ተርብ እንዳይገቡ ከውስጥ በኩል የማይዝግ ወንፊት ይደረግበት። ወንፊቱ ከቀዳዳው ሰፋ ብሎ መሐሉ ጉብ ይበል፤ ጠባብ ወንፊት ቀዳዳው ላይ ልጥፍ ካለ እሱም ስስ የውሃ ሽፋን ይይዛል። ስፖንጅ አይወተፍበት፤ ውሃ መጥጦ ያስቀምጣል።

ቀዳዳ የተበሳ ሳጥን 65 የነበረው ደረጃው ይወርዳል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። አቧራ በሚበዛበት ወይም በጎማ ውሃ በሚታጠብ ቦታ መተንፈሻ ብሎኑ ይሻላል። ጎሚኒው ርካሽ በሆነ ሳጥን ላይ ግን ቀዳዳውን እንመርጣለን፤ ስስ ሽፋኑ አንዴ የገባን ፈሳሽ ውሃ ማስወጣት አይችልምና። በሁለቱም መሣሪያው ከወለሉም ከጀርባውም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ይቀራል። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መዳብን ያዝጋል። ሲሊኮን የግድ ከሆነ የማይሸተው፣ ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት ይፈለግ፤ ክዳኑ ላይ ግን በምንም መንገድ አይቀባ። በቢላ ተሰንጥቆ የተከፈተ ክዳን ጎሚኒው አብሮ ይቆረጣል። ጎሚኒ የሚፈልገው ንጹሕ ገጽና እኩል መጨመቅ ነው፦ ብሎኖቹ በሰያፍ ተራ በተራ ይጥበቁ፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ክዳኑ መሐል ለመሐል ይጎብጣልና።

የኬብል መግቢያ

ጽሑፉ ኬብሉን በተመቸ ጎን አስገብቶ ዙሪያውን መድፈን ይበቃል ይላል። ከሁሉም በላይ ውሃ የሚገባው እዚህ ስለሆነ ዝርዝሩ ይገባዋል።

መግቢያው ከታች ብቻ ይሁን። ከጎን የገባ ኬብል ውሃን በልባሱ ላይ እያንሸራተተ እስከ ግላንዱ ያመጣዋል። ከመግባቱ በፊት ኬብሉ ከመግቢያው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታጠፍና ወደ ላይ ይመለስ፤ ውሃው ከእጥፋቱ ታች ይንጠባጠባል።

ግላንዱ ከኬብሉ ውፍረት ጋር ይመጣጠን። ፒጂ 9 የሚባለው ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክብ ኬብል ይይዛል፤ የሚበሳለት ቀዳዳ 15.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 5.5 ሚሊ ሜትር ኬብል እስከ 14 ሚሊ ሜትር በሚይዝ ግላንድ ውስጥ ካለፈ፣ ዳዶው እስኪሰበር ቢጠብቅም አይያዝም። በአንድ ግላንድ ሁለት ኬብል ማሳለፍም እንዲሁ ነው፦ ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። ለዚህ ባለ ሁለት ቀዳዳ የጎማ ማስገቢያ ይሸጣል። ጠፍጣፋ ኬብል በግላንድ ፈጽሞ አይታሸግም። አርጄ 45 ጫፉ በትንሽ ግላንድ ስለማያልፍ ኬብሉ መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ ጫፉ ክሪምፕ ይደረግ (በመቆንጠጫ ሽቦዎቹ ላይ ይጨመቅ)። ለማሳለፍ ሲባል ግላንዱን ማስፋት የተለመደ ጥፋት ነው።

በኬብሉ ውስጥ ተጉዞ የሚመጣው ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው። ምሰሶው አናት ላይ ልባሱ ከተላጠ ውሃው በሽቦዎቹ መካከል ወርዶ፣ ግላንዱን ከውስጥ አልፎ፣ ቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይወጣል። እጥፋቱም አያቆመውም። መከላከያው በጄል የተሞላ የውጭ ኬብል ነው፤ ጄሉ ክሪምፕ ከመደረጉ በፊት ከሽቦዎቹ ላይ በደንብ ይጠረግ። የቤት ውስጥ ኬብል ደጅ ከተዘረጋ የፒቪሲ ልባሱ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ምንም ሳጥን አያድነውም። አርጄ 45 ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የሲሊኮን ቅባት በትንሹ ቢቀባ እርጥበትን ከጥርሶቹ ያርቃል።

ውጭ የሚቀር የአንቴና ኮኔክተር ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ዙር ተራ ናስትሮ፣ በላዩ ራሱ ከራሱ ጋር የሚዋሃድ የጎማ ናስትሮ፣ በመጨረሻ ፀሐይ የሚችል ጥቁር ናስትሮ ይጠቅለልበት። የጎማው እየተለጠጠ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየሸፈነ ይሂድ። የመጨረሻው ዙር ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ከተጠቀለለ የላይኛው ጠርዝ የታችኛውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይደርበዋል፤ በተቃራኒው ከሆነ እያንዳንዱ ጠርዝ የውሃ ኪስ ይሆናል።

ሲሊካ ጄል

ጥቅም እንዳለው እንቀበላለን፤ ለዘለቄታው ይሠራል መባሉን አንቀበልም። 10 ግራም ከረጢት እንደ አየሩ እርጥበት ከ2 እስከ 3 ግራም ውሃ ይይዛል። 9 ሊትሩ ሳጥን በቀን አንድ ጊዜ 12 በመቶ አየሩን ቢለውጥ 1 ሊትር ያህል እርጥብ አየር ገባ ማለት ነው፤ በውስጡ 0.02 ግራም ውሃ አለ። በዚህ ስሌት ከረጢቱ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይሞላል። በፕላስቲኩና በኬብሉ ውስጥ የሚሰርገው ሲጨመር ጊዜው ያጥራል፤ አንድ የዝናብ መሳብ ከገባ ደግሞ በአንድ ቀን ያልቃል። የሞላ ከረጢት ከዚያ በኋላ ቀን ሲሞቅ የያዘውን መልሶ ይለቃል፣ ሌሊት ጤዛ ይሆናል። በየሦስት ወሩ አውጥቶ በ110 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ለማድረቅ የተዘጋጀ ሰው ይጠቀምበት። ያለበለዚያ መተንፈሻ ብሎኑ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ብረት ወይስ ፕላስቲክ

ፕላስቲክ በፀሐይ ይሰነጠቃል የሚለው ለአንዳንድ ፕላስቲኮች ፍጹም እውነት ነው። የምግብ ዕቃ ፕላስቲክን ወይም ተራ ኤቢኤስን ለዚህ ሥራ ማዋል የገንዘብ ብክነት ነው፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ የብሎን ጆሮው ላይ ይሰበራል። ነገር ግን ፀሐይ እንዲችል የተዘጋጀ ፖሊካርቦኔት ወይም ኤኤስኤ ሌላ ዕቃ ነው። ዩኤል 746ሲ በሚባለው ደረጃ ኤፍ 1 የሚል ምልክት የተሰጠው ፕላስቲክ ለአልትራቫዮሌትም ለውሃም ተፈትኖ ለውጭ አገልግሎት ያለፈ ነው። ሲገዛ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ጸሐፊው ብረትን ሲመርጡ የረሱት የአንቴናው ኬብል የሚያባክነውን ምልክት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊካርቦኔት ግድግዳ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ 0.1 ዴሲቤል (የምልክት መቀነስ መለኪያ)፣ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀንሳል። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል ግን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ በአንድ ሜትር 1 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ በ5.8 ከዚያ ይብሳል። ወፍራሙ ኤልኤምአር 400 በሜትር 0.22 እና 0.35 ዴሲቤል ነው፤ እሱም ቢሆን ኮኔክተሮቹ ይጨመሩበታል። ባለ ሁለት አንቴና መሣሪያ ሁለት ተጨማሪ የግድግዳ ቀዳዳ፣ ባለ አራቱ አራት ይፈልጋል። ቀዳዳ ድክመት ነው ብሎ የጀመረ ጽሑፍ ወደዚህ ባይደርስ ጥሩ ነበር።

አንቴናው ሳጥን ውስጥ ከሆነ ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ልጥፍ ካለ ድግግሞሹ ይዛባል። ብረት ያለበት ቀለም አይቀባ። 60 ጊጋ ኸርዝ መሣሪያ ግን የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ተጨማሪ ግድግዳ ያበላሸዋል፤ ከነራሱ ሽፋን ብቻ ይሰቀል። ለውጭ ተብሎ የተሠራ ማንኛውም መሣሪያም እንደዚሁ ነው፣ ሌላ ሳጥን ሲጨመርበት መሞቅ እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ብረት የሚመረጥበት ቦታ አለ፦ ከ20 ዋት በላይ የሚያመነጭ መሣሪያ ሲኖር ወይም ሰው ሊሰብረው በሚችል ቦታ። የዚያን ጊዜ ሌሊት ክዳኑ ከአየሩ በታች ስለሚቀዘቅዝ ጤዛው የሚያዘው ክዳኑ ሥር መሆኑ አይረሳ። ሳጥኑ በትንሹ ዘንበል ቢል ጠብታው መሣሪያው ላይ ሳይሆን በግድግዳው በኩል ይወርዳል።

ሙቀትና ቀለም

10 ዋት ብቻውን ብዙ አያሞቅም የሚለው ልክ ነው። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 0.27 ሜትር ካሬ ገጽ አለው፤ የፕላስቲክ ግድግዳ በሜትር ካሬ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 3.5 ዋት ያህል ስለሚያስወጣ ውስጡ ከውጩ በ10 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል።

ፀሐይዋ ግን ከስሌቱ ቀርታለች። በጠራ ቀን ወደ እሷ በዞረ ገጽ ላይ በሜትር ካሬ 1000 ዋት ያህል ታሳርፋለች። በ30 በ20 ሴንቲ ሜትሩ ገጽ ላይ 60 ዋት ነው። ጥቁር ቀለም ከዚህ ከ50 በላይ ይወስዳል፣ ነጭ 15 ያህል። ብዙው ከውጩ ገጽ ወደ አየሩ ይመለሳል፤ ከጥቁሩ ሦስተኛው እጅ ብቻ ወደ ውስጥ ቢያልፍ እንኳ መሣሪያው ከሚያመነጨው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን የጥቁሩ ሳጥን ውስጥ ከ60 ያልፋል። ለቤት ውስጥ የተሠሩ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላቸው እስከ 40 ዲግሪ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ክፍል፣ የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር፣ ዕድሜው ደግሞ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ያጥራል።

መፍትሔው ነጭ ሳጥንና የፀሐይ ጥላ ነው። ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም አሉሚኒየም ከአናቱና ፀሐይ ከሚመታው ጎን 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይታሰር፤ በመካከል የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጫ ይኑረው። የብረት ጥላ አንቴናው በሚያይበት አቅጣጫ አይጋረድ። ጥላው ለግፊቱም ይረዳል፦ ሳጥኑ ብዙ ስለማይግል፣ ዝናቡም መጀመሪያ የሚያርፈው ጥላው ላይ ስለሆነ፣ ቅዝቃዜው ቀስ ይላል፣ መሳቡም ይቀንሳል። የውጭ አየር የሚያስገባ ማራገቢያ ግን አቧራና ነፍሳት ያስገባል፤ ለዚህ መጠን አንመክረውም።

ሳይከፈት ለዓመታት

ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ይደረግ። መሣሪያው ሳይገባ፣ ኬብሉ በግላንዱ አልፎ ዳዶው ጠብቆ፣ ሳጥኑ ውስጥ ወለሉን የሚሸፍን ደረቅ ወረቀት ይነጠፍ፤ የማፍሰሻ ቀዳዳው ከታች ስለሆነ በአቀማመጡ እንደሚሰቀለው ቀጥ ብሎ ይቁም። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ እንደጋለ ለ10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይና ከጎን ይፍሰስበት። ውጩ ደርቆ ሲከፈት ወረቀቱ የረጠበበት ቦታ ውሃው የገባበትን ይነግራል፦ ጥግ ላይ ከሆነ ጎሚኒው ነው፣ ግላንዱ ዙሪያ ከሆነ የኬብሉ ውፍረት አልተስማማም። የአይፒ ቁጥሩ የማያሳየውን መሳብ ይህ ፈተና ያሳያል።

ከተሰቀለ በኋላ ከመጀመሪያው ተከታታይ ዝናብ ማግስት፣ ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይከፈት። የሚታየው የማፍሰሻው ወንፊት በጭቃ ወይም በሸረሪት ድር መዘጋቱ፣ የጎሚኒው መድረቅ፣ የብሎኖች ዝገት፣ አርጄ 45 ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት መኖሩ ነው። ቀለሙ በእርጥበት የሚለወጥ የእርጥበት መለኪያ ካርድ ከክዳኑ ውስጥ ቢለጠፍ ያለ መሣሪያ ይነበባል። ፀሐያማ ከሰዓት ላይ ተከፍቶ ካርዱ ከ60 በመቶ በላይ ካሳየ ውስጥ የተኛ ውሃ አለ፤ ያኔ መፈለግ ያለበት መውጫው ለምን እንደተዘጋ ነው።